አስጠኚ መቅጠር ወይስ አብሮ መቀመጥ?

ልጅዎ ሚኒስትሪን አልፎ 9ኛ ክፍል ገባ እንበል። ፊዚክሱም ኬሚስትሪውም በእንግሊዝኛ ነው። ብዙ ወላጅ ቶሎ የሚያስበው አስጠኚ መቅጠርን ነው። ጎበዝ አስጠኚ የሒሳብ ክፍተትን ይሞላል። ግን ወጪው በየወሩ ነው፤ ልጁም የቤት ሥራውን አስጠኚው እስኪመጣ ያቆየዋል።

ሌላው ማታ ማታ አብሮ መቀመጥ ነው። እንግሊዝኛውን ባይችሉም ግድ የለም። ደብተሩን ገልጠው «እስቲ ይሄን በአማርኛ አስረዳኝ» ይበሉት። እኔ ልጄን እንዲህ ስለው ጥሩ እየነገረኝ ቆይቶ፣ የስፒድ (ፍጥነት) እና የቬሎሲቲ (ከነአቅጣጫው የሚነገር ፍጥነት) ልዩነት ላይ ሲደርስ ዝም አለ። ያልገባው እሱ ነበራ! ከሦስት ወር ፈተና በፊት በማወቄ እፎይ አልኩ።

ስለዚህ መጀመሪያ አብሮ መቀመጡን እመርጣለሁ። አስጠኚ የሚያስፈልገው ክፍተቱ ከታወቀ በኋላ ነው፤ ያውም ለዚያ ትምህርት ብቻ።