እንጀራውን ግዙ፣ ሽሮውን ግን ቤት አዘጋጁ

ደመወዝ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ኪሱ የሚራቆት ሰው ብዙ ነው፤ አብዛኛው ብር ደግሞ የሚሄደው ለሆድ ነው። «ቤት አብስሉ፣ ይረክሳል» ይባላል። እውነት ነው። ግን ቤት የተሠራ ነገር ሁሉ ይረክሳል ማለት አይደለም። እኔና ባለቤቴ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ እንጀራውንም ሽሮውንም ገዝተንም ቤት ሠርተንም አይተነዋል።

ከእንጀራው ልጀምር። ቤት ስትጋግሩ ወጪው የጤፉ ብቻ አይደለም። ጤፉ ይነፋል፣ ወፍጮ ቤት ይሄዳል፣ ትራንስፖርት አለው፣ ከዚያ መብራቱ ይመጣል። ከአንድ ኪሎ ዱቄት እኛ ቤት 5 እንጀራ ገደማ ይወጣል፣ ስስ አድርጎ የሚያወጣ እጅ 6 ያደርሰዋል። ስለዚህ የአንድ ኪሎ ጤፍ ዋጋ ላይ ማስፈጫውን ጨምሩና ለ5 አካፍሉት፣ የወጣውን ከሱቁ እንጀራ ዋጋ ጋር አስተያዩት።

የሱቁ ብዙ ጊዜ ድብልቅ እንደሆነ ግን አትርሱ። ሩዝ ወይ ማሽላ ይገባበታል። ነውር የለውም፣ ብቻ ከማኛ ጤፍ ጋር አታወዳድሩት። ሩዝ የበዛበት የተጋገረ ዕለት ነጭና የሚያምር ነው፣ በማግስቱ ግን ሲጠቀለል ይሰነጠቃል። ስትገዙ ጠርዙን አጠፍ አድርጋችሁ እዩት።

መብራቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት አካባቢ ይስባል፣ እስኪግል የሚበላው መብራት ደግሞ ለ4 እንጀራም ለ25ም ያው ነው። ታሪፉም በእርከን ስለሆነ፣ በወር የመጀመሪያው 50 ኪሎዋት ሰዓት ርካሽ ነው፤ ከዚያ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር እርከኑም ዋጋውም ይወጣል። ትርፍ የሚገኘው በአንድ ጊዜ ብዙ ሲጋገር ነው ማለት ነው። ለሁለት ሰው ብዙ ስትጋግሩ ግን ምን ይሆናል? እኛ አንዴ 20 ጋገርን። በአምስተኛው ቀን ከታች ያሉትን ስናነሳ አረንጓዴ ሻጋታ ነጠብጣብ ጣል ጣል አድርጎባቸዋል፣ አራቱን ጣልን። በዚያ ሳምንት ከሱቅ ብንገዛ ይሻለን ነበር።

ስለዚህ ብቻችሁን ወይ ሁለት ከሆናችሁ የሁለት ቀን የሁለት ቀን እየገዛችሁ ብሉ። በላስቲክ የተጠቀለለውን ቤት ስትደርሱ ወዲያው ፍቱት፣ ያልበዋል። አምስትና ከዚያ በላይ ከሆናችሁ፣ በየሦስት ቀኑ የሚጋግር ሰውም ካለ፣ ጋግሩ። አያዋጣም የሚላችሁን አትስሙ።

ሽሮ ላይ ግን አንድም ሁለትም ሁኑ ምክሬ አንድ ነው። ሠርታችሁ ብሉ።

አንደኛ፣ የተዘጋጀ ሽሮ ስትገዙ ምን እንደተፈጨ አታውቁም። አተርና ሽምብራ ውድ ናቸው፣ ጓያ ርካሽ ነው፣ ከተፈጨ በኋላ ደግሞ በዓይን መለየት ከባድ ነው። ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግር ሽባ ሊያደርግ ይችላል። ሽሮ በየቀኑ ለሚበላ ቤት፣ በተለይ በጾም፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ውሃ ማንሳቱ ነው። ጥሩ ሽሮ ሦስት ማንኪያው ለሁለት ሰው የሚበቃ ወጥ ይሆናል። አንድ ጊዜ ከሱቅ የገዛነው አምስት ማንኪያ ገብቶበትም እየቀጠነ አስቸገረን፣ ድስቱ ሥር አሸዋ የመሰለ ነገር ዘቅጦ ቀረ። በኪሎ ረክሶ በማንኪያ ተወደደ! የግድ መግዛት ካለባችሁ መጀመሪያ ሩብ ኪሎ ብቻ ገዝታችሁ ሞክሩት።

ቤት ሲዘጋጅ ድካም አለው፣ አልዋሽም። ተለቅሞ፣ ታምሶ፣ ተከክቶ፣ ገለባው ተበጥሮ ነው ወፍጮ ቤት የሚሄደው። 10 ኪሎ አተር ገዝታችሁ ገለባው ሲወጣ 10 ኪሎ አይመለስም፣ ሂሳቡ ውስጥ አስገቡት። ጊዜ የሌለው ሰው የተከካውን ይግዛ፤ በኪሎ ትንሽ ይወደዳል፣ ግን ገለባ የለውም፣ ሥራውም በግማሽ ይቀንሳል። እኛ የምናደርገው ይሄንን ነው። ክኩን በስሱ አምሰን በርበሬ፣ የደረቀ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ በሶብላና ጨው ጨምረን እናስፈጫለን። ቅመሙ እርጥበት ካለው ሽሮው ይበላሻል፣ ስለዚህ ፀሐይ ላይ ቆየት ይበል። ለአንድ ሰው 10 ኪሎ ከበዛ ከጎረቤት ጋር መካፈል ነው።

እህሉን ከየት? መርካቶ እህል በረንዳ ወይ ሾላ በብዛት ለሚገዛ ጥሩ ነው። ሸማቾችና እሁድ ገበያ ደግሞ ለጥቂት ኪሎ ይሻላሉ፣ ታክሲና ተሸካሚ ይቀርላችኋል። ጊዜውን ከጠየቃችሁኝ ጥር ላይ ግዙ፤ አዲሱ ምርት ገብቷል፣ ሁዳዴም ገና አልተያዘም።

የተገዛው እንጀራ ሲተርፍ ሳይሻግት ቆራርሳችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት፣ ድርቆሽ ይሆናል። እኛ ቤት ሐሙስ ማታ የዚያው ድርቆሽ ፍርፍር ነው የሚበላው፣ በዚያ ቀን እንጀራ አንገዛም።