«ተኝተሽበት ተነሺ» ተብዬ የገዛሁት ሌንስ

ይህን የምጽፈው በአንድ ዓይኔ ነው። ግራው በየሰዓቱ ጠብታ ይገባበታል። ሌሊትም ቢሆን እናቴ ደወል ሞልታ ትቀሰቅሰኛለች።

ከብሔራዊ ቴአትር ወደ ስታዲየም ባለው መንገድ መነጽርና ባለቀለም ሌንስ የሚሸጡትን ታውቋቸዋላችሁ። የማር፣ የግራጫ፣ የአረንጓዴ ጠርሙሶች፣ መስታወትና «እንዴት አምሮብሻል» የሚል ሻጭ። ለእኅቴ ሠርግ ሚዜዎቹ ሁሉ የማር ቀለም እናድርግ ተባባልንና ገባሁ። 2,800 ብር ከፈልኩ። ደረሰኝ አልጠየቅኩም። ዓይኔን አልለካኝም፤ እኔም ለካኝ አላልኩትም። የአንድ ላስቲክ ወተት ቀኑን አገላብጬ የማይ ሰው፣ ዓይኔ ላይ የሚለጠፍ ነገር ስገዛ አፌን ዘጋሁ!

አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቄው ነበር፤ «ማታ ይወልቃል?»

«የስድስት ወር ነው እኅቴ፤ ተኝተሽበት ተነሺ» አለኝ፣ ስልኩን እያየ።

ሠርግ፣ መልስ፣ ቅልቅል። ሦስት ሌሊት በድካም እንደወደቅኩ ተኛሁበት። በአራተኛው ቀን ዓይኔ አሸዋ እንደተደፋበት ቆረቆረኝ፤ ሲመሽ መብራት ማየት አቃተኝ። ሐኪሟ ብርቱካናማ ቀለም አስነክታ በሰማያዊ ብርሃን ስታየው ኮርኒያዬ፣ ማለትም ከዓይኔ ፊት ያለው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን፣ ቆስሏል። ኮርኒያ የደም ሥር ስለሌለው ኦክስጅን የሚያገኘው ከአየር ነው። ስንተኛ የዓይን ቆብ ይከድነዋል፤ በዚያ ላይ ሌንስ ሲጨመር ይታፈናል፣ ባክቴሪያም በቀላሉ ይገባበታል። ሌንስ አድርጎ መተኛት የኢንፌክሽኑን አደጋ ከ6 እስከ 8 እጥፍ ይጨምረዋል። ለሌሊት የተፈቀዱ ዓይነቶች አሉ፤ እነሱም ግን በሐኪም ትእዛዝና ክትትል ነው። ሻጩ «ማጠቢያ» ብሎ የሰጠኝም ጨዋማ ውኃ ሆኖ ተገኘ፤ ያለቀልቃል እንጂ ጀርም አይገድልም። ጠባሳ ሊቀር ይችላል ተብያለሁ።

ዛሬ ከቀትር በኋላ ሄድኩበት። ጥቁር መነጽሬን አውልቄ አሳየሁት። ቀና ብሎ እንኳን በደንብ አላየኝም። «እጅሽን ሳትታጠቢ ነክተሽው ነው» አለ። ከኋላው የቆመችው ሠራተኛ ሳቀች። «ተኝተሽበት ተነሺ ብለኸኝ ነበር» ስለው «ምስክር አለሽ?» አለና በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ሌላ ገበያተኛ ጠራ። «ነይ እኅቴ፣ ግራጫው ላንቺ ነው።» ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ያንኑ የእኔን ጥያቄ ጠየቀችው። እሱም እዚያው ቆሜ፣ የቀላው ዓይኔ ፊቱ ተደቅኖ፣ «የስድስት ወር ነው፤ ተኝተሽበት ተነሺ» አላት።

በዚያች ቅጽበት መጮኽ ነበረብኝ። አልጮኽኩም። እንባዬ ቁስሉን ሲያቃጥለው ፊቴን ይዤ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ትንፋሼን ሰብስቤ ስመለስ ልጅቷ ከፍላ በሌላው በር ሄዳለች። ይህን እስካሁን ለራሴ ይቅር ማለት አልቻልኩም።

ሌንስ የምትፈልጉ ዓይናችሁን በሐኪም ተለኩ፤ ስትተኙ አውልቁት፤ የቧንቧ ውኃ አታስነኩት። ከቀላና ካመመ በዚያው ቀን ሂዱ፤ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና አለ። ሌንሱንና መያዣውንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ለምርመራ ይጠቅማል።

አንቺ ዛሬ ግራጫውን የገዛሽ፣ ቡናማ ሹራብ የለበስሽው ልጅ፣ ይህ ከደረሰሽ ዛሬ ማታ ሳትተኚ አውልቂው።