«2 ኪሎ ከ600 ግራም» ተብሎ የተሸጠልኝ የአደን ጠመንጃ

በኮሎራዶ ተራሮች ላይ ኤልክ የሚባለውን ግዙፍ አጋዘን ለማደን ጠመንጃ ልትገዙ ያሰባችሁ ወገኖች፣ «የተራራ ጠመንጃ» እየተባለ ከነማነጣጠሪያ መነጽሩ በአንድ ዋጋ የሚቀርበውን ጥቅል ከመውሰዳችሁ በፊት ክብደቱን ራሳችሁ መዝናችሁ እንድታረጋግጡ አሳስባለሁ። እኔ ባለፈው ነሐሴ በዴንቨር ዳርቻ ከሚገኝ አንድ መደብር እንዲህ ያለውን ጥቅል በ1,450 ዶላር ገዝቼ የአደን ወቅቱን ሙሉ በከንቱ አሳልፌአለሁ። ሳልጠይቅ መክፈሌ የራሴ ጥፋት መሆኑንም አልክድም።

በማስታወቂያው ላይ የተጻፈው ክብደት 2 ኪሎ ከ600 ግራም ነበር። ቁጥሩ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን የባዶው ጠመንጃ ክብደት ነው፤ አምራቾች በአብዛኛው የሚጽፉትም ይህንኑ ነው። ቤት ወስጄ በሻንጣ መመዘኛ ሳንጠለጥለው መነጽሩ 570 ግራም፣ መነጽሩን አቅፈው የሚይዙት ብረቶች 140፣ ማንገቻው ሌላ 140፣ አራት ጥይቶች ደግሞ ወደ 130 ግራም ጨምረውበት 3 ኪሎ ከ580 ግራም ሆኖ አገኘሁት። መደብሩ ውስጥ «እስቲ ያንሱት» ተብዬ የጨበጥኩት መነጽር ያልተገጠመለትን ናሙና እንደነበረ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲወጣና ሲወርድ ለሚውል ሰው የአንድ ኪሎ ልዩነት ምን ማለት እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል።

ይህን ያህሉን እንኳ በቸልታ ማለፍ ይቻል ነበር፤ የከፋው እርግጫው ነው። ጥይቱ ወደ ፊት ሲወረወር ጠመንጃው ወደ ኋላ ይራገጣል፤ ያው ጥይት ከቀለለ ጠመንጃ ሲተኮስ የእርግጫው ጉልበት ክብደቱ በቀነሰው ልክ ስለሚጨምር፣ ክብደቱ በግማሽ ቢቀንስ ጉልበቱ እጥፍ ይሆናል። ሻጩ አጥብቆ የመከረኝ 300 ዊንቸስተር ማግነም የሚባለውን ኃይለኛ ጥይት የሚተኩሰውን ነበር። ባለ 180 ግሬኑን ጥይት (ግሬን የጥይት ክብደት መለኪያ ነው) በዚህ ክብደት ስተኩስ ትከሻዬ ላይ የሚያርፈው ጉልበት ወደ 30 ፉት ፓውንድ (የጉልበት መለኪያ ነው) ይጠጋል። በሌላ በኩል 30-06 የሚባለው ነባር ጥይት ወደ 4 ኪሎ ከሚመዝን ጠመንጃ ሲተኮስ 20 ገደማ ሲሆን፣ 6.5 ክሪድሞር የሚባለው ጥይት ደግሞ የእኔን ያህል ከሚመዝን ጠመንጃ 13 አካባቢ ብቻ ነው። አገር ቤት አጎቴ ምንሽሩን ሲተኩስ ሰደፉን ትከሻው ውስጥ የሚቀብረው ይመስል ነበር፤ በልጅነቴ ለታይታ ይመስለኝ የነበረው ነገር ምክንያቱ የገባኝ ዘንድሮ ነው።

በመለማመጃው ሜዳ ሦስተኛውን ጥይት ስተኩስ የመነጽሩ ጠርዝ ቅንድቤን ሰነጠቀው። ከዚያ ወዲህ ቃታውን ገና ሳልስብ ዓይኔን መጨፈን ለመድኩ፤ ይህ ልማድ አንዴ ከያዘ ቶሎ አይለቅም፤ ኢላማ የሚያስተውም እሱ ነው። ክብደቱ እንዲቀንስ ሲባል የቀጠነው አፈሙዝም ጥቂት ጊዜ እንደተተኮሰበት ስለሚግል፣ አራተኛውና አምስተኛው ጥይት ከቀደሙት እየራቁ ያርፉ ነበር። በጥቅምት ወር በ200 ሜትር ርቀት ላይ የቆመ ኤልክ አግኝቼ፣ ዳገት ወጥቼ እያለከለክሁ ስለነበር ቀላሉ አፈሙዝ አልረጋልኝም፤ ሳትኩት። አቁስዬው ቢሆን ኖሮ ጸጸቱ ከዚህ ይብስ ነበር።

ሻጩ «ለኤልክ ማግነም ካልሆነ አይሆንም» ብሎኝ ነበር። የኮሎራዶ ደንብ ግን ለኤልክ የሚጠይቀው ቢያንስ 0.24 ኢንች ስፋት ያለው፣ 85 ግሬን የሚመዝንና ሲመታ የሚሰፋ ጥይት ሆኖ በ100 ያርድ ላይ 1,000 ፉት ፓውንድ ጉልበት ያለው እንዲሆን ብቻ ነው፤ እርግጫቸው ለስለስ ያለ ብዙ ጥይቶች ይህን ያሟላሉ። ስለ እርግጫው ልነግረው በተመለስኩ ጊዜም ሌላ 180 ዶላር ከፍዬ አፈሙዙ ጫፍ ላይ የእርግጫ መቀነሻ እንዳስገጥም መከረኝ። መሣሪያው እርግጫውን በእርግጥ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ጋዙን ወደ ጎን እየለቀቀ ድምፁን ወደ ተኳሹና አብሮት ወዳለው ሰው ስለሚያዞረው፣ የጆሮ መከላከያ ሳያደርጉ መተኮስ ጆሮን ይጎዳል። ይህን አልነገረኝም።

ስለዚህ ጠመንጃው መነጽሩ፣ ማንገቻውና ጥይቱ ተሟልቶለት በፊታችሁ እንዲመዘን ጠይቁ። በእግሩ ተራራ ለሚወጣ ብዙ ሰው ከነሙሉ ዕቃው ከ3.6 እስከ 4 ኪሎ የሚመዝን ጠመንጃ ተስማሚ ይመስለኛል፤ ከዚህ የቀለለ የሚፈልግ ሰው እርግጫው ለስለስ ያለ ጥይት አብሮ ይምረጥ፤ አንድ ቦታ ተቀምጦ አድፍጦ የሚያድን ደግሞ ክብደቱን አይፍራው። ጠመንጃ ከሚያከራይ የመለማመጃ ሜዳ ተመሳሳዩን ተከራይታችሁ ቢያንስ 10 ጥይት ሳትተኩሱ ገንዘባችሁን አታውጡ።

የመመለሻ ደንቡንም በጽሑፍ ጠይቁ፤ ጠመንጃ ገዢ ከመደብር ሲገዛ የሚሞላውን የፌዴራል ቅጽ 4473 ከመሙላታችሁ በፊት መሆን አለበት። እኔ ጠመንጃውን ይዤ ስመለስ በስሜ ከተላለፈበት ሰዓት ጀምሮ «ያገለገለ ዕቃ» ተብሎ መመዝገቡ ተነገረኝ፤ መልሰው ሊገዙኝ ያቀረቡት ዋጋም ከነመነጽሩ 600 ዶላር ነበር።