የግራ ቤዝ ወይስ የተገለበጠ የቀኝ ቤዝ? ለግራኞች የግዢ ንጽጽር

ግራኝ ሆኖ ቤዝ ጊታር ሊገዛ የተነሳ ሰው ዞሮ ዞሮ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «የቀኙ ምርጫው ብዙ፣ ዋጋውም ቀለል ያለ ነው፤ እሱን ገዝቼ ክሩን ብገለብጠውስ?» መልሱ አያሻማም። ከፋብሪካው ግራ ሆኖ የወጣ መካከለኛ ቤዝ፣ ያገለገለም ቢሆን፣ ከተገለበጠ ውድ ቤዝ ይሻላል። መገልበጥ ርካሽ የሚመስለው ሱቅ ውስጥ ነው፤ ወጪው የሚጀምረው ቤት ከገባ በኋላ ነው።

ሌሎቹን ሁለት መንገዶች ቶሎ እንለፋቸው። አንደኛው ግራኝ ሆኖም በቀኝ መማር ነው። ገና ምንም ያልጀመረ ሰው ቢሞክረው አይከፋም፤ ከተሳካለት የፈለገውን ቤዝ ያለ ተጨማሪ ወጪ ይገዛል። ችግሩ ምቱን የሚጠብቀው ክር የሚመታው እጅ መሆኑ ነው። ሜትሮኖም (ምት ቆጣሪ) ከፍታችሁ የቀኝ እጃችሁን ሁለት ጣቶች እያፈራረቃችሁ ጠረጴዛ ምቱ፣ ከዚያ በግራው ድገሙት። ልዩነቱ ግልጽ ሆኖ ከተሰማችሁ ይህን መንገድ ተዉት። ሁለተኛው የቀኙን ቤዝ ክሩን ሳይነኩ ገልብጦ መያዝ ነው፤ ወፍራሙ ክር ከታች፣ ቀጭኑ ከላይ ይሆናል። ቤዝ ተጫዋቹ ጂሚ ሃስሊፕ የሎውጃኬትስ ከተባለው የጃዝ ባንድ ጋር እንዲህ ነው የተጫወተው፤ ስለዚህ ይቻላል። ግን በስላፕ አጨዋወት አውራ ጣት የሚመታው ክርና ሌሎቹ ጣቶች የሚስቡት ክር ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ከመምህርም ከቪዲዮም የምታዩትን ሁሉ በራሳችሁ መተርጎም ይኖርባችኋል። እንዲህ የለመደ እጅ በኋላ የግራ ቤዝ ሲይዝ ደግሞ እንደገና ጀማሪ ነው።

የሚቀረው ንጽጽር የግራ ቤዝና ክሩ የተገለበጠ የቀኝ ቤዝ ነው።

ጣጣው ከነቱ ይጀምራል

ነት ማለት አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያርፉባት ጥርስ ያላት ትንሽ ቁራጭ ናት። የተለመደው ባለ አራት ክር ስብስብ 0.045፣ 0.065፣ 0.085 እና 0.105 ኢንች ነው። ወፍራሙ ወደ 2.7 ሚሊ ሜትር፣ ቀጭኑ ወደ 1.1 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ስትገለብጡት ወፍራሙ ኢ ክር ለቀጭኑ በተሞረደው ቦይ ላይ ሊቀመጥ ነው። አይገባም፤ ከላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ያኔ አንደኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም ከተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች አንዱ) ላይ ስትጫኑት ክሩ ብዙ መውረድ ስላለበት ይወጠርና ድምፁ ከቅኝቱ ከፍ ይላል። በሌላው ጫፍ ቀጭኑ ጂ ክር ከሁለት እጥፍ በላይ በሰፋ ቦይ ውስጥ ይዋልላል፣ ይንጫረራል።

«ነቱን አውጥቼ ባዞረውስ?» አያዋጣም። የነቱ ቦዮች ወደ መቃኛዎቹ ወገን ዘቅዘቅ ብለው ነው የሚሞረዱት፤ ክሩ የሚለቀው በፍሬቶቹ በኩል ካለው ጠርዝ እንዲሆን። ስታዞሩት ክሩ የሚያርፈው በኋለኛው ጠርዝ ላይ ይሆናል፤ ርዝመቱ ይለወጣል፣ ባዶ ክር ስትመቱም እንደ በገና ይነዝራል። በበገና ያምራል፣ በቤዝ አያምርም።

ትክክለኛው ሥራ አዲስ ነት ማስገባት ነው። በቅድሚያ ቦይ የወጣለት የግራ ነት ማግኘት ከባድ ስለሆነ ያልተሞረደ የአጥንት ቁራጭ ይገዛል። የነቱን መቀመጫ ስፋት በካሊፐር ለክታችሁ እንጂ በሞዴሉ ስም አትግዙ። የድሮውን ለማውጣት ዙሪያውን ያለውን ቫርኒሽ በስል ምላጭ ቁረጡ፣ ከዚያ ትንሽ እንጨት ከጎን አስደግፋችሁ በቀስታ መታ መታ አድርጉ። ቫርኒሹ ካልተቆረጠ ቅርፊት ይዞ ይነሳል። ማጣበቂያው ጠብታ ብቻ ነው፤ ነገ የሚነቅለው ሰው እንዳያማርር። የቦዩ ጥልቀት የሚለካው ክሩን ሦስተኛው ፍሬት ላይ ተጭኖ ከአንደኛው ፍሬት በላይ የሚቀረውን ክፍተት በማየት ነው፤ የወረቀት ውፍረት ያህል መሆን አለበት። አንዴ ከዚያ በታች ከተሞረደ የሱፐር ግሉና የአጥንት ዱቄት ጥገና ለጊዜው ይይዛል እንጂ አይዘልቅም። ይህ ሥራ የቦይ ሞረዶች ስለሚጠይቅ አብዛኛው ሰው ለባለሙያ ይከፍላል። የመጀመሪያው ተጨማሪ ወጪ ይህ ነው።

ከነቱ በኋላ

ብሪጁ፣ ማለትም አካሉ ላይ ያለው የክሮቹ ማረፊያ፣ ይሻላል። ለኢ ክር ሳድሉ (የእያንዳንዱ ክር መቀመጫ) ወደኋላ፣ ለጂ ወደፊት መሆን ስላለበት ሁሉንም ታገላብጣላችሁ። አንዳንዴ ስፕሪንጉ አልጨመቅ ብሎ ሳድሉ በበቂ ወደኋላ አይሄድም፤ ከስፕሪንጉ ጥቂት ጥምዝ መቁረጥ ነው። መቃኛዎቹ በአንድ ረድፍ በተደረደሩበት ቤዝ ላይ ደግሞ ለቀጭኖቹ ክሮች የተሠራችው ክር መጫኛ አሁን ወፍራሞቹ ላይ ትውላለች። ኢ ክር ከሥሯ ይቀረቀርና ቅኝት አልይዝ ይላል። ከፍ ባለች ካልተተካች አይለቃችሁም።

ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው) ላይ ሲደርስ ሰው የማይጠብቀው ነገር ይመጣል። በፌንደር ፕሪሲዥን ዓይነት ቤዝ ላይ ፒክአፑ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ የወፍራሞቹ ክሮች ግማሽ ወደ አንገቱ፣ የቀጭኖቹ ወደ ብሪጁ ይጠጋል። ስትገለብጡት ወፍራሞቹ ወደ ብሪጁ በተጠጋው ግማሽ ላይ ያርፋሉ። ኢ ክር ይሳሳል፣ ጠንከር ይላል፤ ጂ ክር ይደነቁራል። ስፔክተርን የመሰሉ ሠሪዎች ሆን ብለው እንዲህ ያስቀምጡታል፣ ስለዚህ መጥፎ ድምፅ አይደለም። ግን ፕሪሲዥን የገዛችሁት ለዚያ ለሚታወቀው ወፍራም ድምፅ ከሆነ አታገኙትም፣ ለማስተካከል ደግሞ እንጨት መፈልፈል ነው። የግድ የምትገለብጡ ከሆነ ባለ ሁለት ቀጥ ያለ ፒክአፕ ጃዝ ዓይነት ይሁን፤ እሱ ላይ ቁመት ከማስተካከል በቀር ሥራ የለም።

የፍሬቶቹን ቦታ የሚያሳዩት የጎን ነጥቦች አንገቱ ላይ ወደ መሬት ዞረው ይቀራሉ። ስቲከር ላብ ሲነካው ይላቀቃል። ዘላቂው መንገድ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የፕላስቲክ ዘንግ ነው፦ 3፣ 5፣ 7፣ 9፣ 12፣ 15፣ 17 እና 19 ላይ በሁለት ፍሬቶች መካከል ምልክት አድርጉ፤ 12ኛው ላይ ሁለት ነጥብ። 2 ሚሊ መሰርሰሪያ ላይ 3 ሚሊ ርቀት ቴፕ ጠቅልላችሁ በእጅ እያዞራችሁ ብሱ፣ ዘንጉን በሱፐር ግሉ አስገቡ፣ ቆርጣችሁ በሞረድ ከጎኑ ጋር አስተካክሉ። ሥራው ቀላል ነው፤ የሚበላሸው ዘንጉን በጉጠት አስጠግቶ ሲቆርጡት ነው፤ ይሰነጠቃል። ትንሽ ትርፍ ትታችሁ በስል መጋዝ ቁረጡት።

ማንገቻው ነው ዕድሜ ልክ የሚያስቸግረው። የቤዝ ረጅም ቀንድ ከላይ ሆኖ ማንገቻውን የሚይዘው ሚዛን ለመጠበቅ ነው። ሲገለበጥ ማንገቻው አጭሩ ቀንድ ላይ ይታሰራል፤ አንገቱ ወደ መሬት ይወርዳል፣ ፍሬት የሚጫነው እጃችሁም ከመጫወት ይልቅ አንገት ሲደግፍ ያመሻል። ከፍ ካሉት ፍሬቶችም ረጅሙ ቀንድ ያግዳችኋል። ቮሊዩሙና ቶኑ ከላይ ክንዳችሁ ሥር ይገባሉ፤ ሙዚቃ መሀል ቮሊዩም በክርን ይዘጋል። ይህን የሚፈታ ርካሽ ጥገና የለም።

ሒሳቡ

ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት ጠጋኙን ጠይቁና ጻፉ፦ ነት ከነሙያው፣ አዲስ ክር፣ የጎን ነጥብ፣ የማንገቻ ቁልፍ ማዛወርና የድሮውን ቀዳዳ መድፈን፣ በመጨረሻ ሙሉ ማስተካከያ። ድምሩን የቀኙ ቤዝ ዋጋ ላይ ጨምሩትና ከግራው ዋጋ ጋር አስተያዩ። በርካሽ ቤዝ ላይ ይህ ድምር የግራውን ዋጋ በቀላሉ ያልፈዋል፤ የጠጋኝ ክፍያ ቤዙ ርካሽ ነው ተብሎ አይቀንስምና። እኔ የምሠራበት መስመር ይህ ነው፦ በተመሳሳይ ሞዴል መካከል ያለው ልዩነት ከቀኙ ዋጋ ሲሶ ካልሞላ መገልበጥን አታስቡት።

ስትሸጡትም ልዩነት አለ። የተበሳና ነቱ የተለወጠ የቀኝ ቤዝ ቀኝ ተጫዋች አይፈልገውም፣ ግራኙም ይጠራጠረዋል። የግራ ቤዝ ፈላጊው ጥቂት ነው፤ ሻጩም ጥቂት ስለሆነ ትዕግሥት ካላችሁ በደህና ዋጋ ይወጣል። ቀለም ግን እርሱት። አብዛኞቹ ሠሪዎች ለግራኝ ጥቂት ሞዴል በአንድ ሁለት ቀለም ነው የሚያወጡት፤ ጥቁሩ ከተገኘ ጥቁሩን ውሰዱ፣ ለቀለም ብላችሁ አትጨምሩ።

መገልበጥ የሚያስኬድበት አንድ ቦታ አለ፤ ቅርጹ ግራና ቀኙ እኩል የሆነ ቤዝ። የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ በ1961 ሃምቡርግ ውስጥ ሆፍነር 500/1 የተባለውን ቤዝ ሲገዛ ከወደደለት ነገር አንዱ ይህ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ከነት እስከ ብሪጅ ያለው የክሩ ርዝመት 30 ኢንች ስለሆነ እጅም አያደክምም፤ የተለመደው ረጅሙ 34 ነው። የእንጨት ብሪጁ አልተቸነከረም፣ ክሩ ነው የሚይዘው፤ ክሮቹን ሁሉ አንድ ላይ ከፈታችሁ ይንሸራተታል። ቦታውን በቴፕ ምልክት አድርጉና አንድ በአንድ ቀይሩ።

«የግራ» ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ የግራ አይደለም

መጀመሪያ ፎቶውን እዩ። የቀኝ ቤዝ ፎቶ ተገልብጦ ሲለጠፍ የቤዙ ራስ (መቃኛዎቹ ያሉበት ጫፍ) ላይ ያለው ጽሑፍ እንደ መስታወት ይነበባል፤ ጽሑፉ ተጠርጎ ከጠፋ የባሰ ጠርጥሩ። ቀጥሎ የጎን ነጥቦቹንና ነቱን በቅርብ የተነሳ ፎቶ ጠይቁ። የግራ አካል ላይ የቀኝ አንገት ተገጥሞ የሚሸጥ አለ፤ ብዙውን ጊዜ በብሎን ስለሚገጥም ማንም ይሠራዋል። መቃኛዎቹ ከታች ከሆኑ፣ ነጥቦቹም ወደ መሬት ከዞሩ፣ የነት ወጪውን ከዋጋው ላይ አስቀንሱ ወይም ተዉት።

ርካሽ የግራ ኮፒዎች ላይ በብዛት የሚገኘው ጥፋት ቮሊዩሙ ነው። ፋብሪካው ለቀኝ የተሠራውን ሎጋሪዝማዊ ፖቴንሽዮሜትር (ከማዞሪያው ሥር ያለው ተለዋዋጭ ሬዚስተር) ዳርና ዳር ያሉትን ሽቦዎች ብቻ አለዋውጦ ይበይደዋል። ውጤቱ፦ ከዜሮ ትንሽ ስታነሱት ድምፁ በአንዴ ይፈነዳል፣ ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ብታዞሩት ለውጥ የለም። ይህ ቤዙን ለመተው አያበቃም፣ ዋጋ ለመቀነስ ግን ጥሩ ምክንያት ነው። ለተራ ፓሲቭ (ባትሪ የሌለው) ቤዝ «ሲ» የሚል ምልክት ያለበት ባለ 250 ኪሎ ኦም አስበይዱ፤ ካልተገኘ «ቢ» የሚለው ቀጥተኛው ይበቃል። «ኤ» ካመጣችሁ ያው ችግር ተመለሰ።

ለመለዋወጫ ስትወጡ ብሪጅ፣ ጃክና ቀጥ ያለ ፒክአፕ ግራ ቀኝ የላቸውም፤ ማንም «የግራ ነው» ብሎ ዋጋ እንዳይጨምርባችሁ። አንገት፣ የፊት ፕላስቲክና በአንድ ረድፍ የሚደረደሩ መቃኛዎች ግን የግድ የግራ መሆን አለባቸው። መቃኛ ሲሰበር አራቱን ከመቀየር አንዱን መፈለግ ያዋጣል፣ ነገር ግን የብሎን ቀዳዳዎቹ ርቀት አንድ ዓይነት መሆኑን ለክታችሁ አረጋግጡ።

ያገለገለ ስትረከቡ አንደኛውንና የመጨረሻውን ፍሬት ባንዴ ተጭናችሁ ሰባተኛው ላይ ያለውን ክፍተት ተመልከቱ፤ 0.3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይበቃል። 17ኛው ፍሬት ላይ ለኢ ክር 2.4፣ ለጂ 2 ሚሊ ሜትር ከፍታ ደህና ነው። አንገቱ ከ0.3ው በላይ ከጎበጠና የትረስ ሮዱ (የአንገቱን ጉብጠት የሚያስተካክለው የውስጥ ብረት) ብሎን ጥግ ደርሶ አልዞር ካለ፣ የግራ አንገት መተኪያ እንደ ልብ ስለማይገኝ ያንን ቤዝ በነጻም ቢሆን አትያዙት።

ስለ ሌላው ዕቃ ብዙ የሚባል የለም። አምፕ፣ ፔዳል፣ ኬብልና ክር እጅ አይለዩም፤ ክሩን የቀኝ ሰው የሚገዛውን ያንኑ ግዙ። ለስላሳ ቦርሳ ለሁለቱም ይሆናል። በቅርጹ የተሠራ ጠንካራ ሳጥን ግን የቀኙ ለግራ አይገጥምም፤ ሻጩ ሳጥን በስጦታ ልጨምርላችሁ ካለ አራት ማዕዘኑን ምረጡ፣ ወይም በሳጥኑ ፋንታ ዋጋው ይቀነስላችሁ።