ለሃሰልብላድና ለማሚያ፦ አሮጌው የፖላሮይድ ጀርባ ወይስ የኢንስታክስ?

ሃሰልብላድና ማሚያ ፊልም የሚይዘው የኋላ ክፍላቸው (ጀርባው) ተነቅሎ የሚቀየር ትልልቅ የፊልም ካሜራዎች ናቸው። ሐዋሳ ውስጥ አንዱ ያለው ጓደኛዬ ሁሉ ይህንኑ ይጠይቀኛል፦ «እዚያው የሚደርስ ፎቶ ለማንሳት የቱን ጀርባ ልግዛ?» በቅርቡ አንዱ ሳይጠይቅ አሮጌውን የፖላሮይድ ጀርባ ገዝቶ መጣ። በርካሽ ስላገኘው ደስ ብሎታል። ለምን እንደረከሰ ግን ሻጩ ትንፍሽ አላለም።

ያ ጀርባ የሚጎርሰውን ፊልም ዛሬ በብዛት የሚያመርት ፋብሪካ የለም። ፖላሮይድ የአፋጣኝ ፊልም ሥራውን እንደሚያቆም ያስታወቀው በ2000 ዓ.ም. ነው። በዚያው ጀርባ የሚገባውና ተስፋ የነበረው ሌላው ፊልም፣ የፉጂፊልም ኤፍፒ 100ሲም፣ በ2008 ዓ.ም. ቆመ። ዛሬ በአብዛኛው የሚሸጠው ከዚያ የተረፈ፣ ጊዜው ያለፈበት ፊልም ነው። አሥር ፎቶ ለሚያወጣ አንድ እሽግ መቶ ዶላር ሲጠሩ አይቻለሁ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ዶላር የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ፤ በብር አባዙት። ደግሞ ኬሚካሉ ደርቆ ግማሹ ላይወጣ ይችላል።

ሌላም ኪሳራ አለው። ወረቀቱ 8.5 በ10.8 ሳንቲ ሜትር ነው። ሃሰልብላድ የሚሞላው ግን 5.6 በ5.6ቱን ብቻ ነው። ከግማሽ በላይ ለሆነ ጥቁር ወረቀት ትከፍላላችሁ ማለት ነው።

ስለዚህ የእኔ ምርጫ የኢንስታክስ ስኩዌር ጀርባ ነው፤ ኢንስታክስ ፉጂፊልም ዛሬም የሚሠራው የአፋጣኝ ፊልም ነው፣ ስኩዌር ደግሞ አራት ማዕዘኑ እኩል የሆነው ዓይነቱ። የምስሉ ቦታ 6.2 በ6.2 ስለሆነ የሃሰልብላድ ፎቶ በቀጭን ጥቁር ጠርዝ ታጅቦ ልክክ ይላል። ጀርባው ራሱ ከአሮጌው በብዙ ይወደዳል፣ አልዋሽም። ግን ልዩነቱን ፊልሙ ይመልሰዋል። ውጭ አገር አንዱ ወረቀት አንድ ዶላር ገደማ ነው። በሰው አስመጥታችሁ፣ የተበላሸውንም አስባችሁ፣ የሐዋሳው ፍቅር ሐይቅ ላይ አንዱን ፎቶ ለደንበኛ ከ300 ብር በታች ብትሰጡ አያዋጣችሁም።

የጀርባው ርካሽ ኮፒዎች ላይ ግን ተጠንቀቁ። ነገሩ ሁሉ ያለው ሁለቱ ሮለሮች ላይ ነው። ወረቀቱ በመሃላቸው ሲያልፍ ከሥሩ ያለውን የኬሚካል ከረጢት ጨፍልቀው እኩል ያሰራጩታል። ክፍተቱ ትንሽ ከሰፋ ኬሚካሉ ጥግ ሳይደርስ ይቀራል፤ ፎቶው ማዕዘኑ የተቆረጠ ይመስላል። አንድ እንዲህ ያለ ኮፒ እጄ ገብቶ ቶርኖ ቤት ወስጄ ሮለሩን አስተካክለውልኛል። የሠራው ልጅ ጎበዝ ነው፤ ያም ሆኖ በመሃል የተበላሸው ወረቀት ዋጋ ከእጅ ሥራው በለጠ። ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩ አንድ ወረቀት ሲያወጣ በቪዲዮ ይላክላችሁ። ፊቱን ሳይሆን አራቱን ማዕዘን እዩ። ጠርዙ ላይ ብርቱካንማ ጭረት ካለ ብርሃን ያስገባል፣ ተዉት። ሮለሩን ደግሞ በየእሽጉ በአልኮል ጥረጉ። የደረቀች ጠብታ ካለች በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ምልክቷን ትተዋለች።

በፖላሮይድ ስም ዛሬም የሚሠራውን 600 ወይም አይ ታይፕ የተባለ ፊልም የሚቀበል ኮፒም ይሸጣል። እሱ ፊልም የተሠራው ውስጣቸው መስታወት ላላቸው ካሜራዎች ነው። መስታወት በሌለው ጀርባ ሲነሳ ግራና ቀኙ ይገለበጣል። ሰውየው ቲሸርቱ ላይ «ሐዋሳ» ተጽፎ ከሆነ ፊደሉ ዞሮ ይወጣል። ኢንስታክስ በጀርባው በኩል ብርሃን ስለሚቀበል ይህ ችግር የለበትም። ፖላሮይድ ከ28 ዲግሪ በላይም አይወድም፤ የሐዋሳ የየካቲት ቀትር ደግሞ ያንን ያልፋል። ኢንስታክስ እስከ 40 ይችላል።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ኢንስታክስ አይኤስኦው (ለብርሃን ያለው ስሜት) 800 ነው፤ ብዙ ብርሃን አይፈልግም። ሐይቁ ዳር በቀትር ፀሐይ ሃሰልብላዱን ኤፍ 22 (የሌንሱ ጠባብ ቀዳዳ) እና 1/500 (ፈጣን መዝጊያ) ላይ አድርጋችሁ እንኳ ለጥቂት ነው የምትተርፉት። የኋላውን ማደብዘዝ ከፈለጋችሁ ብርሃኑን የሚቀንስ ኤንዲ ፊልተር ያዙ፣ ወይ ከ11 ሰዓት በኋላ ውጡ።

እንደ ሃሰልብላድና ማሚያ ያለ ካሜራ (ሚዲየም ፎርማት) የሌላችሁ ደግሞ ለዚህ ብላችሁ አትግዙ። ኢንስታክስ ዋይድ የተባለው ራሱን የቻለ ካሜራ ይበቃችኋል፣ ፎቶውም ይሰፋል።

ፊልም የሚያመጣላችሁ ሰው ሻንጣ ውስጥ አስገብቶ እንዳይልከው፤ የሻንጣው ኤክስሬይ ይጎዳዋል። በእጁ ይያዘው፣ ፍተሻ ላይም በእጅ እንዲያዩለት ይጠይቅ። ገንዘቡን ከመስጠታችሁ በፊት ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ቀን አንብቡ።