«የህንድ ነው እንዴ?» ስለ አንዲት የከዚራ ፋርማሲ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ አንዲት ትንሽ ፋርማሲ አለች። ቅሬታም ስላለኝ ስሟን አልጠራም። ቀትር ላይ ትዘጋለች። የድሬ ሙቀት ነው፣ ይገባኛል፣ ግን ሰዓቱን በር ላይ መለጠፍ ምን ያስቸግራል? አባቴን በባጃጅ ይዤ ከመጋላ መጥቼ ሁለቴ በከንቱ ተመልሻለሁ አቦ!

ወደ ደጉ ልለፍ። አባቴ ሄፓታይተስ ሲ (ጉበት የሚጎዳው ቫይረስ) ተገኝቶባቸው ሐኪሙ ሶፎስቡቪር ያለበት የ12 ሳምንት መድኃኒት አዘዘላቸው። ፋርማሲዋ ውስጥ አልነበረም፤ ፋርማሲስቷ ልጅ ደዋውላ በሦስተኛው ቀን አስመጣችልን። አባቴ ካርቶኑን አገላብጠው አዩና «የህንድ ነው እንዴ? ኦሪጅናሉን ስጪኝ እንጂ ልጄ» አሏት። ሌላ ቦታ ቢሆን «ያለው ይሄ ነው» ተብለው ይሸኙ ነበር። እሷ ግን ከኋላችን ተራ የሚጠብቅ ሰው እያለ እንኳ ቁጭ ብላ አስረዳቻቸው።

ኦሪጅናል የሚሉት በፈረንጆቹ 2013 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ አንዷ ፍሬ 1,000 ዶላር ነበረች፣ የ12 ሳምንቱ ደግሞ 84,000 ዶላር። ፍሬዋ ወርቅ ኖሮባት አይደለም። ጊልያድ የተባለው ኩባንያ ፓተንት ስላለው፣ ፓተንቱ በጸናበት አገር ያለ እሱ ፈቃድ ማንም አይሠራትም፣ ዋጋም የሚቆርጠው እሱ ነው። በ2014 ለህንድ ፋብሪካዎች ሠርተው ለ91 ታዳጊ አገሮች እንዲሸጡ ፈቀደላቸው፤ ኢትዮጵያም ዝርዝሩ ውስጥ ገባች። የህንዱ ፎርጅድ አይደለም፣ ንጥረ ነገሩ ያው ነው።

«እና ድሀ በመሆናችን ነው ያገኘነው?» አሉ አባቴ።

«አዎ አባባ» አለቻቸው። ተሳሳቁ።

እኔ አልሳቅኩም። ብራዚል ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረችም። እዚያ ያለው ድሀ ከኛው ድሀ ምን ይሻላል? አገሩ «ደህና ገቢ አላት» ተባለችና እሱ ቀረ። ማሌዥያም መጀመሪያ ተዘልላ ነበር፣ በፈረንጆቹ 2017 መንግሥቷ ፓተንቱን አልፎ ርካሹ እንዲገባ ፈቀደ እንጂ። ማን በርካሽ ይዳን የሚለውን ዝርዝር ሻጩ ራሱ መጻፉ ነው የሚያንገበግበኝ። ርካሽ ስል ደግሞ ለኪሴ ርካሽ ነው ማለቴ አይደለም፤ የዕቁብ ብሬ ነው የሄደው።

በቴሌብር ይቀበላሉ፣ ደረሰኝ ሳትጠይቁ ይሰጣሉ። መቀመጫው ግን አንድ ወንበር ብቻ ነው፣ እሱም ይወዛወዛል። ለቀጣዩ ወር ጠዋት 4 ሰዓት እንሄዳለን፣ ባጃጁን ከወዲሁ ቀጥሬዋለሁ።