በጊምፕ ምኒልክ አደባባይ ላይ በረዶ አዘነብኩ

ወራጅ ካለ እዚሁ ጋ ይውረድ፣ ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ጊምፕ የሚባለው የምስል ማስተካከያ ሶፍትዌር በረዶ የሚዘንብበት የሚንቀሳቀስ የመስታወት ኳስ ለመሥራት ይበቃል። ሳንቲም አይከፈልበትም። ያናድዳል፣ እሱን አልደብቅም። ዝርዝሩን የምትፈልጉ ተቀመጡ፣ ወሬው ትንሽ ረዘም ይላል።

እኔ ፒያሳ አካባቢ ባነር፣ ስቲከርና የጥሪ ካርድ የምትሠራ ጠባብ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ገና ሲቃረብ የስጦታ ዕቃ የሚሸጡ አንዲት ደንበኛችን መጡ። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ስልካቸውን አውጥተው ያቺን ስትነቀነቅ ውስጧ በረዶ የሚዘንብባትን የመስታወት ኳስ አሳዩኝ፣ ስኖው ግሎብ የምትባለዋን። "ይቺን ለቴሌግራም ቻናሌ ሥራልኝ፣ እንድትንቀሳቀስ፤ ውስጧ ግን የኛ አገር ይሁን" አሉና ሄዱ። ቀላል ነገር ያዘዙ መስሏቸዋል።

እንደ ብዙ የሰፈር ዲዛይነር እኔም ያደግኩት ክራክ በተደረገ ፎቶሾፕ ነው። ትክክለኛው በየወሩ በዶላር ይከፈልበታል፣ በዶላር የሚከፍል ካርድ ደግሞ እኔ የለኝም። ባለፈው ክረምት ከአንድ ሱቅ በፍላሽ ያስጫንኩት ቅጂ ከነቫይረሱ ኖሮ የሁለት ዓመት ሥራዬን ድራሹን አጠፋው። ያኔ ነው ተስፋ ቆርጬ ጊምፕን ያወረድኩት። ሶፍትዌሩ የትናንት ልጅ አይደለም። በፈረንጆቹ 1995 ስፔንሰር ኪምቦልና ፒተር ማቲስ የሚባሉ ሁለት የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጀመሩት፣ በ1996 ለሕዝብ ወጣ፣ ከዚያ ወዲህ በነፃ እየተሠራ በነፃ ይታደላል። እኔ የምጠቀመው 2025 ላይ የወጣውን 3.0 ነው።

ኳሱ ውስጥ ምን ይግባ የሚለው አላስጨነቀኝም። ከቤታችን ወጥቼ ጥቂት ስራመድ ምኒልክ አደባባይ ነኝ። እሑድ ጠዋት ሰው ሳይበዛ በአራዳ ጊዮርጊስ በኩል ቆሜ ሐውልቱን በስልኬ አነሳሁት። ከጀርባው ቆርጦ ማውጣቱ ግን አይጣል ነው። ፎርግራውንድ ሴሌክት የሚባል መሣሪያ አለ፣ ሰማዩ ጥርት ካለ ጎበዝ ነው፣ የኔ ሰማይ ግን ዳመናና የኤሌክትሪክ ሽቦ ነበር። በመጨረሻ በፓዝ ነጥብ በነጥብ ዞርኩት። የፈረሱ ጅራት ብቻ አንድ ማኪያቶ አስጨርሶኛል፣ ያውም ቀዝቅዞ ነው የጠጣሁት።

ኳሱን መሥራት ቀላል ነው። 400 በ400 ፒክስል የሆነ ሸራ ትከፍታላችሁ፣ በኤሊፕስ ሴሌክት ክብ ትሠራላችሁ፣ ውስጡን ከጥቁር ሰማያዊ ወደ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ በሚሄድ ግራዲየንት ትሞላላችሁ፣ ሐውልቱን ታስቀምጣላችሁ። ከዲስቶርትስ ፊልተሮች ውስጥ አፕላይ ሌንስ የሚባለው ምስሉን በብርጭቆ ሆድ ውስጥ ያለ ያስመስለዋል። 3.0ን የወደድኩት እዚህ ጋ ነው። ድሮ ፊልተር አንዴ ከተደረገ አበቃለት ነበር፤ አሁን ተመልሳችሁ ከፍታችሁ ታስተካክሉታላችሁ። መጀመሪያ ምኒልክን በጣም አሳብጫቸው ነበር፣ በኋላ ምንም ሳላፈርስ መለስኳቸው። ከላይ በግራ በኩል ነጭ ነጸብራቅ፣ ከሥር ደግሞ ፈረንጆቹ ቡናማ እንጨት በሚያደርጉበት ቦታ የመሶብ ስፌት ፎቶ ቆርጬ መቆሚያ አደረግኩለት። ይሄንን እትዬ ሲያዩ ፈገግ አሉ። በረዶውን ሲያዩ ግን ያሉትን ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ዋናው ሥራ በረዶው ነው። ጊምፕ እንደ ቪዲዮ ሶፍትዌር የጊዜ መስመር የለውም። አንዱ ሌየር፣ ማለትም አንዱ የምስል ንጣፍ፣ አንድ ፍሬም ወይም የእንቅስቃሴው አንድ ቅጽበት ነው፣ አለቀ። ከታች ያለው ሌየር መጀመሪያ ይታያል፣ ቀጥሎ ከላዩ ያለው፣ እንዲህ እያለ ይወጣል። ኋላ ቀር ይመስላል፣ ለእንዲህ ዓይነት ትንሽ ሥራ ግን ከጠበቅኩት በላይ ተመቸኝ። ግልጽ የሆነ ባዶ ሌየር ላይ ለስላሳ ብሩሽ ይዛችሁ ነጫጭ ነጠብጣብ ትበትናላችሁ። ከዚያ በሌየር ሜኑ ትራንስፎርም ውስጥ ኦፍሴት የሚባል ነገር አለ። ሌየሩን ወደ ታች ይገፋዋል፣ ራፕ አራውንድ ካላችሁት ደግሞ ከታች የወጣው ከላይ ተመልሶ ይገባል። ምሥጢሩ ይሄ ብቻ ነው። ሸራው 400 ከሆነና 10 ፍሬም ካላችሁ፣ በየፍሬሙ 40 ፒክስል ትገፋላችሁ፤ 10 ጊዜ 40 ይዞራችሁና በረዶው ከጀመረበት ይገጥማል። ለጥልቀት ሁለት በረዶ ሠራሁ። ትንንሹ የሩቁ ነው፣ 40 ይሄዳል። ተለቅ ተለቅ ያለው የቅርቡ ነው፣ 80 ይሄዳል፣ የሩቁ አንዴ ሲዞር እሱ ሁለቴ ይዞራል፣ መገጣጠሚያው አይታወቅም። አንድ ነገር ልብ በሉ፣ 400 ላይ የሚያርፍ 11ኛ ፍሬም እንዳትጨምሩ። ከመጀመሪያው ጋር አንድ ነው፣ በዞረ ቁጥር በረዶውን እዚያ ጋ ስቅ ይለዋል።

ሌላው የኔ ስህተት ያስቃል። ከኳሱ ውጪ ያለውን በረዶ አስቀድሜ ቆርጬ ጣልኩና ኦፍሴቱን በኋላ ሠራሁ። ሳጫውተው በረዶው አይዘንብም፣ በበረዶ የተሞላ ክብ ራሱ እንደ ጨረቃ ከኳሱ ወጥቶ ቁልቁል ይወርዳል፣ ከላይ ደግሞ ሌላ ጨረቃ ብቅ ይላል። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ "በቃ እንዲሁ ስጣት" ብሎኝ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ግፉ፣ ቀጥሎ ቁረጡ። ከዚያ እያንዳንዱን በረዶ ከጀርባውና ከነጸብራቁ ጋር በመርጅ ዳውን ጨፍልቃችሁ አንድ ሌየር ታደርጋላችሁ፣ በስሙ መጨረሻ ቅንፍ ከፍታችሁ 100 ብላችሁ ኤምና ኤስ ትጽፋላችሁ፣ (100ms) እንደማለት፣ ያ ፍሬሙ የሚቆይበት ጊዜ በሚሊ ሰከንድ ነው። ፊልተርስ ውስጥ አኒሜሽን፣ ፕሌይባክ ስትሉ ይታያችኋል።

እትዬ መጥተው አዩት። ዝም አሉ። "እንዴት ነው እትዬ፣ ወደዱት?" አልኳቸው። "ልጄ፣ ይሄማ የሐምሌ በረዶ ነው፣ ቆርቆሮ ይበሳል።"

እውነታቸውን ነው! እኛ በረዶ የምንለው ሌላ ነገር ነው። ሐውልቱ በ1923 ዓ.ም. ከቆመ ወዲህ፣ ጣሊያን ነቅሎ ከደበቀው ጊዜ በቀር፣ የክረምት በረዶ ሲወግረው ኖሯል፤ እንደ ላባ እየተንሳፈፈ የሚወርደውን ዓይነት ግን አያውቀውም። እኔም አላውቀውም። የማውቀውን ነው የሣልኩት፣ ቀጥ ብሎ የሚወርደውን። ኳሱን ያወጣው ሰው ራሱ በረዶ ሊሠራ አልተነሳም ይባላል። ኤርዊን ፔርዚ የሚባል የቪየና የቀዶ ሕክምና መሣሪያ ሠሪ ነው፣ በ1900 አካባቢ ውኃ በሞላው ብርጭቆ የአምፖል ብርሃን ሊያጎላ ሲሞክር ውኃው ውስጥ የጨመረው ነገር ቀስ እያለ ሲሰጥም በረዶ መሰለው። ቤተሰቡ ዛሬም ቪየና ውስጥ ኳሱን ይሠራል። ቁም ነገሩ "ቀስ እያለ" የሚለው ነው። ውኃ ውስጥ ያለ ነገር አይቸኩልም።

ሁለተኛውን ዙር እንዲህ ሠራሁት። 10 የነበረውን ፍሬም 20 አደረግኩ፣ የሩቁን በ20 ፒክስል፣ የቅርቡን በ40። ፍጥነቱ በግማሽ ቀነሰ። ደግሞ ኦፍሴቱ ላይ ወደ ጎንም አስኬድኩት፣ ጥቂት ፒክስል ወደ ቀኝ፣ መለስ፣ ጥቂት ወደ ግራ፣ መጨረሻው ላይ ወደ መነሻው። በቃ ተንሳፈፈ። ችግሩ ሁለት በረዶ ሲባዛ በ20 ፍሬም ወደ 40 የሚጠጋ ኦፍሴት ማለት ነው፣ ሁሉም በእጅ። ስክሪፕት-ፉ በሚባለው ትእዛዝ ጽፎ ማሠራት ይቻላል፣ እኔ አልደፈርኩትም፣ እጄ እስኪዝል ጠቅ ጠቅ አደረግኩ።

አሁን ወደ ስድቡ። አንደኛ፣ ጊምፕ በየመሃሉ ራሱ ሴቭ አያደርግም። 14ኛው ፍሬም ላይ መብራት ጠፋ፣ የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፣ የቀረውን አስቡት። በየአምስት ደቂቃው ኮንትሮል ኤስ ተጫኑ። ሁለተኛ፣ ሴቭ ስትሉት የሚያስቀምጠው በራሱ ኤክስሲኤፍ ፋይል ብቻ ነው፣ ጊፍ የሚባለውን የሚንቀሳቀስ የምስል ፋይል ከፈለጋችሁ ኤክስፖርት ማለት አለባችሁ። አንድ ሰሞን ሰድቤዋለሁ፣ አሁን ግን ልክ ነው እላለሁ፤ ስንቱን ሥራ ጄፔግ ላይ ጨፍልቀን ሌየሩን ያጣን ሰዎች አይደለን? ኤክስፖርቱ ላይ አዝ አኒሜሽን እና ሉፕ ፎርኤቨር የሚሉት ላይ ምልክት ማድረግ አትርሱ፣ ያለዚያ ቆሞ የቀረ ሥዕል ነው የሚወጣላችሁ።

አንዳንዱ ጥፋት ግን የጊምፕ አይደለም፣ የጊፍ ነው። ጊፍ 1987 የወጣ የፋይል ዓይነት ነው፣ ከ256 ቀለም በላይ በአንድ ምስል አይዝም። ያ ያማረ ሰማያዊ ሰማዬ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተደራርቦ ወጣ። ምስሉን ኢንዴክስድ ወደሚለው የቀለም ዓይነት ስትቀይሩት ዲዘሪንግ የሚባል ምርጫ ታገኛላችሁ፣ ነጠብጣብ በመበተን ቀለሙን ያቀራርባል። ፍሎይድ-ስታይንበርግ የሚለውን ስመርጥ ሰማዩ በየፍሬሙ ብልጭ ብልጭ አለ፤ ፖዚሽንድ የሚለው ለአኒሜሽን ይሻላል፣ ነጠብጣቡ ቦታውን አይለቅም። ጊፍ ግማሽ ግልጽነትም አያውቅም፣ ወይ ይታያል ወይ አይታይም። ስለዚህ የኳሱ ጠርዝ ድርድር ብሎ እንደ መጋዝ እንዳይታይባችሁ ጀርባውን በቀለም ሙሉት። ቴሌግራም ደግሞ ጊፉን ድምፅ ወደሌለው ቪዲዮ ይቀይረዋል፣ ባዶ የተተወ ጀርባ ለዚያም አይሆንም።

አማርኛ ጽሑፍ? ይጽፋል፣ ፎንቱ ዩኒኮድ የሚባለውን የጋራ የፊደል ኮድ የሚከተል ከሆነ። በአቢሲኒካ "እንኳን አደረሳችሁ" ብዬ ከመሶቡ በላይ ጻፍኩ፣ ምንም አላስቸገረኝም። የድሮዎቹን ዩኒኮድ ያልሆኑ ፎንቶች ይዛችሁ ብትመጡ ግን የሚወጣው ሌላ ቋንቋ ነው።

ከ10 ስንት? 7 እሰጠዋለሁ፣ መብራት ባይጠፋ 8 ነበር። ቀን ከሌት አኒሜሽን የምትሠሩ ከሆነ ሌላ ፈልጉ። እንደኔ በዓል ሲመጣ አንዲት ነገር ለምታንቀሳቅሱ ግን ቫይረስ ከተሸከመ ፍላሽ ሺህ ጊዜ ይሻላል። እትዬ ሁለተኛውን አይተው "አዎ፣ እንዲህ ይረፍ እንጂ" ብለው ከፈሉኝና ገናው ሳይደርስ ቻናላቸው ላይ ለቀቁት። በነጋታው ደውለው የእንቁጣጣሹን ከአሁኑ አዘዙ። በረዶው ቀርቶ አደይ አበባ እንዲዘንብ ይፈልጋሉ። ነጩን ነጠብጣብ ወደ ቢጫ መቀየር ነው፣ ኤክስሲኤፉ አለኝ።